ሽታውና ጊዜው የት ገባ? ስለ ሰርጓጅ መርከብ ኑሮና ስለ ፊልሞቹ

(በሐምቡርግ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን በተዘጋጀ የፊልም ምሽት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት አቃንቼዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክቡራትና ክቡራን፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

«ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ እኔ ያልነበርኩ መሆኔን ልናዘዝ። ያደግሁት ደሴ ነው፤ ባሕርን በዓይኔ ያየሁት ሃያ አምስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የማውቀው ትልቅ ውኃ የሐይቅ እስጢፋኖሱን ሐይቅ ነበር። ዛሬ የምናገረውም በሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ከተዉልን ምስክርነት የተቀዳ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ፊልም ሠሪዎች ከእነዚያ ሰዎች ኑሮ ምኑን ወሰዱ፣ ምኑንስ ተዉት?

መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥና ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ፊልሞች ብረቱን በሚገባ ያሳያሉ። የቧንቧው ብዛት፣ የመለኪያው ሰሌዳ፣ ከሥር ሆኖ ከውኃው በላይ የሚታይበት የፔሪስኮፑ እጀታ ብዙውን ጊዜ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም፤ አንዳንዱም ከእውነተኛ መርከብ ተለክቶ የተሠራ ነው። የሚሳሳቱት በሽታው፣ በድምፁና ከሁሉም በላይ በጊዜው ላይ ነው።

ከኪል ከተማ አጠገብ ላቦ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። እዚያ ካለው የባሕር ኃይል መታሰቢያ ማማ ፊት ለፊት፣ አሸዋው ላይ፣ ዩ-995 የተባለች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተቀምጣለች። በ1943 ሥራ የጀመረች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለኖርዌይ የተሰጠች፣ በ1965 ወደ ጀርመን የተመለሰችና ከ1972 ጀምሮ ለጎብኚ የተከፈተች ናት። እኔ የሄድኩት የዘጠኝ ዓመት የእኅቴን ልጅ ይዤ ነበር። ገና እንደገባን «አጎቴ፣ መስኮቱ የት ነው?» አለኝ። መስኮት እንደሌላት ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ዓሣውን በምን ያዩታል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ፣ ከፊልም የተማርነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያፈርስ ነው። በዚያ ብረት ውስጥ የኖረ ሰው በወራት ቆይታው ባሕሩን ከውስጥ አንድም ቀን አላየውም። ባሕሩን ያዳምጠዋል፤ በመለኪያ ያነበዋል፤ በቆዳው ላይ እንደ ርጥበት ይሰማዋል።

መርከቧ 67 ሜትር ትረዝማለች። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ሰፊ አዳራሽ ይታየው ይሆናል፤ ሰው የሚኖርበት የብረት በርሜል ስፋት ግን 5 ሜትር አይሞላም፤ ከዚያም ላይ አብዛኛውን ሁለቱ ዲዝል ሞተሮች፣ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ፣ ባትሪዎቹና ቶርፔዶዎቹ (በውኃ ውስጥ ተተኩሰው መርከብ የሚመቱት ፈንጂዎች) ይወስዱታል። በተረፈው ቦታ ከ44 እስከ 50 የሚደርሱ ወንዶች ይኖራሉ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚታለፈው ጎንበስ ብሎ፣ አንዱን እግር አስቀድሞ በሚገባበት ክብ በር ነው። እኔ በመጀመሪያው በር ላይ ግንባሬን መታሁ፤ በሁለተኛውም ደገምኩት፤ የእኅቴ ልጅ ግን እየሮጠ አለፈ። ፊልሞቹ መርከበኞች በአስቸኳይ ጊዜ በእነዚያ በሮች ውስጥ ሲወነጨፉ የሚያሳዩት ትዕይንት እውነት ነው፤ መርከቧ ፈጥና እንድትሰርግ የአፍንጫዋ ክብደት እንዲጨምር ሥራ ያልያዘ ሰው ሁሉ ወደ ፊት እንዲሮጥ ይታዘዝ ነበር።

ሙዚየሙ ውስጥ ያጣሁት ሽታውን ነው። ዛሬ ዩ-995 የምትሸተው ቀለምና አሮጌ ዘይት ብቻ ነው። በዘመኗ ግን፣ እንደ መሰሎቿ ሁሉ፣ የናፍጣው ጢስ፣ የአርባ ምናምን ሰው ላብ፣ የወጥ ቤቱ ሽንኩርት፣ የሻገተው ዳቦ፣ የማይደርቀው ልብስና ያን ሁሉ ለመሸፈን የሚረጨው ኮሎኝ ሽቶ በአንድ ላይ ተጋግረው የሚሠሩት አየር ነበራት። ንጹሕ ውኃ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ስለሚበቃ ገላ መታጠብ የሚታሰብ አልነበረም። ልብስ መቀየሪያ ቦታ የለም፤ ጢም መላጨትም ቀርቷል። ዳቦው ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ነጭ የሻጋታ ፀጉር ያበቅልና መርከበኞቹ «ነጭ ጥንቸል» የሚል ስም ያወጡለት ነበር፤ ዳር ዳሩን ቆርጠው እየጣሉ መሐሉን ይበሉታል። ቋሊማው ከቧንቧዎቹ መካከል ይንጠለጠላል፤ ሽንት ቤት ሁለት ቢኖርም ጉዞው ሲጀመር አንደኛው የምግብ ግምጃ ቤት ስለሚሆን፣ ሃምሳ ለሚጠጋው ሰው የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። አልጋም ቢሆን ለሁሉም አይደርስም። አንዱ ለፈረቃው ሲነሣ ሌላው የእርሱ ሙቀት ባልጠፋበት ፍራሽ ላይ ይጋደማል። ከፊተኛው ክፍል የሚያድሩት ደግሞ ከተጠባባቂ ቶርፔዶዎቹ በላይ ስለሚተኙ፣ ቶርፔዶ በተተኮሰ ቁጥር ቤታቸው ይሰፋል። ጠላትን መምታት የመኝታ ቦታ ማግኘት የሆነበት ሌላ የጦር ሜዳ እኔ አላውቅም።

ሌላም ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የዚያ ዘመን ሰርጓጅ መርከብ፣ በስሟ እንደምንገምተው ዘወትር ከባሕር በታች የምትኖር አልነበረችም፤ ሲያስፈልጋት የምትሰርግ የውኃ ላይ መርከብ ነበረች ቢባል ይሻላል። ከላይ ሆና በዲዝል ሞተር በ17 ኖት (በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር) ገደማ ስትሮጥ፣ ከታች በባትሪ ከ7 ኖት ብዙም አታልፍም፤ ያንን ፍጥነት ከያዘችም ባትሪው ቶሎ ያልቅባታል። ስለዚህ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ላይ ሆኖ፣ ማዕበሉ እየመታ፣ ከማማዋ ላይ አራት ሰዎች የአድማሱን አራት ማዕዘን ተከፋፍለው ለአራት ሰዓት በመነጽር ሲቃኙ ነው። ከማዕበሉ ብርታት የተነሣ በቀበቶ ከብረቱ ጋር ይታሰራሉ። ብዙ ጉዞዎች ደግሞ ከሳምንታት ቅኝት በኋላ አንድ መርከብ እንኳ ሳይታይ ያበቁ ነበር።

ይህን ኑሮ ለማሳየት ከሞከሩት ፊልሞች ሁሉ ዛሬ ማታ ያየነው የ1981ዱ የጀርመን ፊልም፣ ማለትም «ዳስ ቦት»፣ በእኔ ሚዛን የሚስተካከለው የለም። ዳይሬክተሩ ቮልፍጋንግ ፒተርሰን የተነሣበትን መጽሐፍ በ1973 ያሳተመው ሎታር-ጉንተር ቡኽሃይም፣ በ1941 የጦር ዘጋቢ ሆኖ በዩ-96 ላይ የተጓዘ ሰው ነው። የእውነተኛዋ ዩ-96 አዛዥ የነበሩት ሃይንሪኽ ሌማን-ቪለንብሮክም ለፊልሙ በአማካሪነት ሠርተዋል። እንግዲህ ሁለት «የነበሩ» ሰዎች አሉት ማለት ነው። መርከቧ በልክ ተሠራች፤ ካሜራ ያዡ ዮስት ቫካኖ በእጅ የሚያዝ ካሜራ ተሸክሞ በእነዚያ ክብ በሮች መካከል ከተዋናዮቹ ጋር አብሮ ሮጠ፤ ተዋናዮቹም ቆዳቸው እንዲገረጣ ፀሐይ እንዳይሞቁ ተከለከሉ። ጢማቸው ከጉዞው ጋር ሲያድግ የምናየው ፊልሙ በአብዛኛው እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል ስለተቀረጸ ነው።

ያም ሆኖ ቡኽሃይም በፊልሙ አልተደሰተም። እርሱ የሚያውቃቸው መርከበኞች ፊልሙ ላይ እንደምናያቸው የሚጮኹ፣ የሚዘሉና የሚፈነድቁ አልነበሩም ሲል ወቅሷል። እኔም ከመጀመሪያው የጭፈራ ትዕይንት ይልቅ የሚያስቸግረኝ ከጥልቁ ግፊት የተነሣ ብሎኖች እንደ ጥይት ሲወነጨፉ የሚታይበት ነው፤ የእነዚያ መርከቦች ግፊት ተቋቋሚ አካል የተበየደ ብረት ነበርና። ነገር ግን ይህ ጥቃቅን ነው። ፊልሙን ከሌሎቹ የሚለየው መሰልቸትን መድፈሩ ነው። በሲኒማ ቤት የታየው 149 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ለቴሌቪዥን በተከታታይ የቀረበው ግን ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። ሁለቱን ያየ ሰው ረጅሙ እንደሚሻል የሚመሰክረው፣ የተጨመሩት ሰዓታት ውጊያ ስለያዙ አይደለም፤ ምንም የማይሆንባቸው ሰዓታት ስለሆኑ ነው። ዝናቡ ይዘንባል፣ አንዱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሁለቱ በማይረባ ነገር ይጣላሉ፣ ራዲዮው ያንኑ ዘፈን ይደግማል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው የጥልቅ ውኃ ቦምብ ሲፈነዳ ተመልካቹም እንደ መርከበኛው ሰውነቱ ዝሎ ስላገኘው ይደነግጣል። አጭሩ ቅጂ ግን ድንጋጤን ከድንጋጤ ጋር አስተካክሎ ይሰፋዋል፤ ይህም የሰርጓጅ መርከብ ኑሮ ሳይሆን የሲኒማ ቤት ኑሮ ነው።

በዚያ ጦርነት በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ካገለገሉት 40,000 ገደማ ሰዎች ውስጥ 30,000 የሚጠጉት አልተመለሱም። ሁሉም ግን በጀግንነት ትዕይንት አልሞቱም። ሚያዝያ 14 ቀን 1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዩ-1206 የተባለችው መርከብ ከስኮትላንድ የባሕር ጠረፍ አጠገብ ሰርጋ ሳለ ችግር ገጠማት። ይህች መርከብ በጥልቅ ውኃ ውስጥም የሚሠራ አዲስ ዓይነት ሽንት ቤት የተገጠመላት ነበረች። አጠቃቀሙ ብዙ ቫልቭ በተራ መክፈትና መዝጋት ስለሚጠይቅ ለዚሁ የሠለጠነ ሰው ያስፈልገው ነበር። በዚያ ቀን አንዱ ቫልቭ ያለ ተራው ተከፈተና የባሕር ውኃ ገባ፤ ውኃው ከሥር ወዳሉት ባትሪዎች ወረደ፤ ጨው ውኃና የባትሪ አሲድ ሲገናኙም የክሎሪን ጋዝ መርከቧን ሞላው። አዛዡ ካርል-አዶልፍ ሽሊት ወደ ላይ ከመውጣት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ላይ ሲወጡ አውሮፕላን አገኛቸው፤ መርከቧንም ራሳቸው አሰጠሟት። ፊልም ሠሪ ይህን ታሪክ ጽፎ ቢያቀርብ «ቀልድ ነው» ተብሎ የሚመለስበት ይመስለኛል። እውነቱ ብዙ ጊዜ ከፊልም የሚለየው ጀግና በማጣቱ ሳይሆን ቧንቧ በመብዛቱ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልለፍ። የሰርጓጅ መርከብ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ «ፒንግ» የሚለውን ረጅም ድምፅ ያውቀዋል። ድምፁ አለ፤ አልተፈጠረም። መርከቦች የድምፅ ሞገድ ልከው የገደል ማሚቶውን በመጠበቅ በውኃ ውስጥ ያለውን ነገር ይፈልጋሉ። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለው አሳዳጅ ነው። ሰርጓጇ ራሷ ድምፅ መላክ በጨለማ ቤት ውስጥ ተደብቆ ፋኖስ እንደ ማብራት ነው፤ «እዚህ ነኝ» ማለት ነው። ስለዚህ ሥራዋ ማዳመጥ ብቻ ነው፤ የሶናር ባለሙያውም የሩቅ መርከብ መዘውር በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ከሚሰማው ምት ቆጥሮ ያውቃል። ባሕሩ ራሱም ዝም አይልም። በሞቃት ውኃ ውስጥ ጥፍራቸውን የሚያጮኹ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት አሉ፤ በሺህ በሺህ ሲሰበሰቡ በምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ፈንዲሻ የመሰለ ድምፅ ስለሚያሰሙ፣ አድማጩ ጠላቱን ከዚያ ጩኸት ውስጥ ለይቶ ማውጣት አለበት።

በዚህ ምክንያት በሚታደኑበት ሰዓት ያለው እውነተኛ ትዕይንት ለካሜራ የማይመች ነው። ማንም አይሮጥም፤ ማንም አይጮኽም። ሥራ የሌለው ሰው ኦክስጅን እንዳያባክን አልጋው ላይ እንዲጋደም ይታዘዛል፤ ሌላው በካልሲ ወይም በለስላሳ ጫማ ይራመዳል፤ የወደቀ አንድ የብሎን መፍቻ የሁሉንም ነፍስ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። «ዝምታ ወርቅ ነው» የምንለው እኛ በምክር መልክ ነው፤ ለእነርሱ ግን ዝምታ እስትንፋስ ነበር። ፊልሞች ግን በዚያው ሰዓት አዛዥና ምክትል ፊት ለፊት ገጥመው ሲጯጯኹ ያሳዩናል። በእውነተኛ መርከብ ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው በተለመደ ድምፅ ሲሆን፣ ተቀባዩም ትእዛዙን ቃል በቃል ደግሞ ከተናገረ በኋላ ይፈጽመዋል። ቀይ መብራቱም ቢሆን የአደጋ ምልክት አይደለም፤ ሌሊት በፔሪስኮፕ የሚመለከት ሰው ዓይኑ ከጨለማው ጋር እንደተላመደ እንዲቆይ የሚበራ ነው። ዳይሬክተሮች ቀዩን ለፍርሃት ሲጠቀሙበት ስለኖሩ ዛሬ ተመልካቹን ከዚህ ማላቀቅ የሚቻል አይመስለኝም።

የብረቱ ማቃሰት ግን እውነት ነው። መርከቧ በጠለቀች መጠን ውኃው ስለሚጫናት አካሏ በጥቂቱ ይጨመቃል። ለአዲስ መጤዎች ይህን ለማሳየት የቆዩት መርከበኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነበራቸው፤ ላይ ሳሉ ከአንደኛው ግድግዳ ወደ ሌላው አንድ ክር ወጥረው ያስራሉ፤ ከዚያ መርከቧ ስትወርድ ክሩ ቀስ በቀስ እየረገበ ይሄዳል። መለኪያው የሚለው ቁጥር ነው፤ ክሩ ግን የብረቱን መጨማደድ ራሱን ያሳያል። ከአንድ የረገበ ክር የበለጠ የሚያስፈራ ትዕይንት በብሎን መወንጨፍ ሊገኝ እንደማይችል አምናለሁ።

በ1955 «ኖቲለስ» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በኒውክሌር ኃይል ጉዞ ስትጀምር የዚህ ሁሉ ኑሮ መሠረት ተለወጠ። አየር ለመሳብ ወይም ባትሪ ለመሙላት ወደ ላይ መውጣት ቀረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ይህችው መርከብ ከበረዶው ሥር በሰሜን ዋልታ አለፈች። ኦክስጅን ከባሕር ውኃ በኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚያጥብ መሣሪያ አለ፤ የጉዞው ገደብም ነዳጅ መሆኑ ቀርቶ ምግብ ሆነ። ዛሬ «ኦሃዮ» የሚባለው የአሜሪካ መርከቦች ዓይነት 170 ሜትር ይረዝማል፤ 150 የሚያልፉ ሰዎችን ይዞ ወደ 77 ቀን ገደማ ይቆይና ሲመለስ ለሌላው ቡድን ያስረክባል፤ አንዷ መርከብ «ሰማያዊ» እና «ወርቃማ» የሚባሉ ሁለት ሙሉ ቡድኖች አሏት። ተራው መርከበኛ በሚሳይሎቹ ማስወንጨፊያ ቱቦዎች መካከል ባለች፣ ዘጠኝ ሰው በምታሳድር ክፍል ውስጥ ይተኛል።

ሽታው እዚህም አልጠፋም፤ ዓይነቱን ለወጠ እንጂ። አየሩን የሚያጥበው ኬሚካል ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ባሎቻቸው ሲመለሱ ሻንጣውን ከቤት ውጭ የሚያስከፍቱ ሚስቶች እንዳሉ የቀድሞ መርከበኞች እየሳቁ ይናገራሉ። ከዚህ ሁሉ ጋር ማጨስ በአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ውስጥ እስከ 2010 መጨረሻ ድረስ መፈቀዱ ለእኔ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ነገር ነው። ከዚያ በተከተለው ዓመት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሴት መኮንኖች በእነዚህ መርከቦች ማገልገል ጀመሩ።

ጊዜውም ተለወጠ። ፀሐይ የማይታይበት ኑሮ ስለሆነ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከበኞች ለብዙ አሠርት ዓመታት የኖሩት በ24 ሰዓት ሳይሆን በ18 ሰዓት ቀን ነበር፤ ስድስት ሰዓት ፈረቃ፣ ከዚያ ለጥገና፣ ለጥናትና ለእንቅልፍ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ እንደገና። አንድ ሰው ዛሬ ጧት ያደረገውን ሥራ ነገ እኩለ ሌሊት ላይ ያደርገዋል ማለት ነው። ቀኑን የሚያውቁት በሰዓት ሳይሆን በማዕዱ ነበር፤ እንቁላል ከቀረበ ጧት ነው። ትኩስ አትክልቱ በሁለት ሳምንት ያህል ውስጥ ያልቅና ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ይከፈታል፤ በጉዞው መጀመሪያ የታሸገው ምግብ ቦታ ስለሚያጣ ከወለሉ ላይ ይደረደርና ሰዎች በምግባቸው ላይ እየተራመዱ ይሰነብታሉ። ይህን የ18 ሰዓት ቀን የሚያሳይ ፊልም እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ፊልም ራሱ የሁለት ሰዓት ቀን ስላለው ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የደብዳቤው ነገር ነው። በቅኝት ላይ ያለች የሚሳይል መርከብ መልእክት ትቀበላለች እንጂ አትልክም፤ ከላከች ያለችበት ይታወቃል። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ መርከበኛ ቤተሰቦች በተወሰነ ጊዜ 40 ቃል ያህል ብቻ የምትይዝ አጭር መልእክት መላክ ይፈቀድላቸው ነበር። መልስ የለም። መልእክቷም አስቀድማ ትነበባለች፤ መርዶ ከያዘች ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ ልትያዝ ትችላለች። መርዶን በማለዳ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ወጉን ጠብቆ ለሚነግር ለእኛ ዓይነቱ ማኅበረሰብ፣ አባቱ ከሞተ ሁለት ወር ያለፈው ልጅ ከሥራ ጓዶቹ ጋር እየሳቀ ፓስታ ሲበላ፣ አዛዡም እያወቀ አጠገቡ ተቀምጦ ጨው ሲያቀብለው ማሰብ ይከብዳል። ሚሳይል የሚተኮስባቸው ፊልሞች ሞልተዋል። ያንን ገበታ ግን እስካሁን አላየሁትም።

እዚህ ላይ ፊልም ሠሪዎችን የሚያስቅ አንድ እውነት ልጨምር። ሶቪየት ኅብረት የሠራቻቸውና ምዕራባውያን «ታይፉን» የሚሏቸው መርከቦች እስካሁን ከተሠሩት ሁሉ ግዙፎቹ ሲሆኑ፣ በውስጣቸው ሳውናና አነስተኛ መዋኛ ገንዳ ነበራቸው። በ1990 የወጣው «የቀይ ጥቅምት አደን» የተባለው ፊልም የዚህን ዓይነት መርከብ ታሪክ ሲያሳይ ድምፅ የማያሰማ ምናባዊ ሞተር ፈጠረላት፤ ያንን ተመልካቹ አመነ። ገንዳውን ቢያሳዩት ኖሮ ግን ማንም የሚያምን አይመስለኝም። በተቃራኒው ደግሞ፣ የዛሬዎቹ የአሜሪካ «ቨርጂኒያ» መርከቦች በዓይን የሚታይበት የድሮው ፔሪስኮፕ የላቸውም። በምትኩ ካሜራ የተገጠመለት ምሰሶ አለ፤ በአንዳንዶቹም ምሰሶውን የሚያዞሩት ልጆቻችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው በሚጫወቱበት የኤክስቦክስ መቆጣጠሪያ ነው። አዛዡ ቆቡን ገልብጦ እጀታውን የሚይዝበት ትዕይንት ግን ገና ለብዙ ዓመት ከፊልም ይጠፋል ብዬ አልገምትም።

እስካሁን ያነሣሁት ስሕተት ይቅር የሚባል ነው። ይቅር ለማለት የሚከብደው «የነበረውን» ሰው አፍ መንጠቅ ነው። በ2000 የወጣው «ዩ-571» የተባለው የአሜሪካ ፊልም፣ አሜሪካውያን መርከበኞች ከጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ላይ ኢኒግማ የተባለውን የምስጢር መጻፊያ መሣሪያ ሲማርኩ ያሳያል። ግንቦት 9 ቀን 1941 ከዩ-110 ላይ መሣሪያውንና ሰነዶቹን ያወጡት ግን «ቡልዶግ» ከተባለችው የእንግሊዝ መርከብ የሄዱ መርከበኞች ናቸው፤ አሜሪካ ያን ጊዜ ወደ ጦርነቱ ገና አልገባችም። በ1942 ጥቅምት ወር መጨረሻ ደግሞ ቶኒ ፋሰንና ኮሊን ግሬዘር የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በምትሰጥመው ዩ-559 ውስጥ ገብተው ሰነዶቹን ሲያቀብሉ ከመርከቧ ጋር ሰጠሙ፤ ሰነዶቹን የተቀበላቸው የመርከቡ ካንቲን ረዳት ቶሚ ብራውን ዕድሜው 16 ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ሳይቀሩ ፊልሙ ለእነዚያ መርከበኞች መታሰቢያ ነውር ነው በሚለው አስተያየት በፓርላማ ተስማምተዋል። ፊልሙ በመጨረሻው ላይ ለእንግሊዞቹ የጽሑፍ እውቅና መስጠቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ተመልካቹ ኮቱን ይዞ ወደ በሩ እየሄደ ነው።

ከዚህ የተሻለ ውጤት ያገኙት የሶቪየቷ ኬ-19 መርከበኞች ናቸው። ሐምሌ 4 ቀን 1961 የዚህች መርከብ የአንደኛው ሬአክተር ማቀዝቀዣ ተበላሸ፤ መጠባበቂያ ስላልነበረው መርከበኞቹ ብዙ ጨረር ባለበት ክፍል ተራ በተራ እየገቡ ከነበረው ቧንቧ አዲስ ማቀዝቀዣ በየዱ። ስምንቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞቱ። በ2002 የወጣው የአሜሪካ ፊልም ገና በጽሑፍ ላይ ሳለ ረቂቁን ያዩት የቀድሞ መርከበኞች «ሰካራምና ሥርዓት የለሽ አድርጋችሁ ሣላችሁን» ብለው ተቃወሙ፤ ጽሑፉ ተሻሻለ፤ የሰዎቹም ስም ተለወጠ። ያም ሆኖ ፊልሙ ያለ አመፅ መኖር አልቻለም። እውነተኛው አዛዥ ኒኮላይ ዛቴየቭ አመፅ እንዳይነሣ ሰግተው ከጥቂት ሽጉጦች በቀር የጦር መሣሪያውን ወደ ባሕር አስጥለዋል፤ አመፁ ግን ስጋት ሆኖ ቀረ።

ከእነዚያ መኮንኖች አንዱ ቫሲሊ አርኪፖቭ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥቅምት 27 ቀን 1962፣ ይህ ሰው በኩባ አካባቢ ቢ-59 በተባለች የዲዝል መርከብ ውስጥ ነበር። መርከቧ ለሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር የተሠራች ስለሆነች በዚያ ሞቃት ውኃ ውስጥ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ አልፏል፤ አየሩ ተበክሏል፤ የመጠጥ ውኃ በልክ ይታደላል፤ ሰዎች በተራ እየተዝለፈለፉ ይወድቃሉ። ከላይ የአሜሪካ መርከቦች ወደ ላይ እንድትወጣ የሚያስገድዱ የማስጠንቀቂያ ቦምቦች ይጥላሉ። መርከቧ ውስጥ የኒውክሌር ቶርፔዶ አለ። እዚያው የነበረው ቫዲም ኦርሎቭ ከአርባ ዓመት በኋላ እንደተናገረው፣ አዛዡ ቫለንቲን ሳቪትስኪ ትዕግሥታቸው አልቆ ቶርፔዶው እንዲዘጋጅ አዘዙ፤ አርኪፖቭ አረጋጋቸው፤ መርከቧም ወደ ላይ ወጣች። የሌሎች ምስክሮች ቃል በዝርዝሩ ይለያያል፤ መርከቧ ሳትተኩስ መውጣቷ ግን አያከራክርም።

ይህን በ1995 ከወጣው «ክሪምሰን ታይድ» ጋር ያስተያዩት። እዚያም ጥያቄው አንድ ነው፤ እንተኩስ ወይስ አንተኩስ? የአሜሪካ ባሕር ኃይል በመርከብ ላይ አመፅ የሚያሳይ ታሪክ ነው ብሎ ትብብር ስለነፈጋቸው፣ ፊልም ሠሪዎቹ የእውነተኛዋን «አላባማ» መስረግ ከሩቅ ተከታትለው ቀረጹ። ግሩም ተዋናዮች አሉበት፤ ሽጉጥ ይመዘዛል፤ መርከበኞች ለሁለት ይከፈላሉ። ቢ-59 ውስጥ ግን፣ ከምስክሮቹ ቃል እንደምንረዳው፣ የነበረው በላብ የተዘፈቁ፣ አየር ያጠራቸው፣ ለመቆም የሚቸገሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ወሳኙም ነገር አንዱ ለሌላው በቅርብ የተናገረው ቃል ነው። ምን ብሎ እንደተናገረው በድምፅ አልተቀዳም። ዳይሬክተር ቢሆኑ ይህን ትዕይንት እንዴት ይቀርጹታል? እኔ ብሆን ካሜራውን በመለኪያዎቹ ላይ አቁሜ ድምፁን ብቻ አስሰማ ነበር።

ጊዜዬን ስለጨረስኩ ያላነሣሁትን ለውይይቱ እተወዋለሁ። ከውይይቱ በፊት ግን ስለ ክሩ የጀመርኩትን ልጨርስ። መርከቧ ወደ ላይ ስትወጣ የረገበው ክር እንደገና ይወጠራል። ከዚያ የላይኛው ክብ በር ይከፈትና ለሳምንታት ያልተገኘው ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። በፊልሞቹ ላይ በዚህ ሰዓት ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ በደስታ ወደ ውስጥ ይስባል። በመርከቦቹ ውስጥ የኖሩ ብዙ ሰዎች ግን የሚሉት ሌላ ነው። የባሕሩ፣ የአልጌውና የዓሣው ሽታ በአንድ ጊዜ ስለሚመታቸው አየሩ ይከረፋቸዋል፤ አፍንጫቸውንም ይይዛሉ።